ያላነበብኩላቸው ስድስተኛው ገጽ

አዋሳ፣ ኅዳር 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ሳልህስ ለቀቀህ ወይ? አጎታችን ቤት የሰጡህ ክፍል ግድግዳዋ እርጥበት እንደምታስገባ አውቃለሁና በጋዜጣም ቢሆን ለጥፍባት። እኔን ከጠየቅከኝ ደህና ነኝ። ንዴት ከጤና የሚቆጠር ከሆነ እንዲያውም እንደ ዘንድሮ ጤነኛ ሆኜ አላውቅም። ጋሽ ኩማ፣ እትዬ ሸዋዬ፣ ማቴዎስም ከነባለቤቱ ሰላም ብለውሃል። ሐይቁም ያው በቦታው አለ።

ይህን ወረቀት በፖስታ ቤት መላክ አልፈለግኩም። ነርሷ ታቢታ ለአንድ ሳምንት ስልጠና ወደዚያ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ሰድጄልሃለሁ። አንብበህ ስትጨርስ ምን እንደምታደርገው አንተው ታውቃለህ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስድስት ገጽ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ከእስር ተፈትተህ ደጃፌን እንኳ ሳትረግጥ በማለዳው አውቶቡስ ከሄድክ ስምንት ወር ሆነህ፤ በስምንት ወር ውስጥ የጻፍከው ይህን ብቻ ነው። እኔ ሞኟ፣ ምን በልቶ ይሆን፣ ምን አድርገውት ይሆን እያልኩ ፖስታውን ቀደድኩት። ምን አገኘሁ? አምስት ገጽ ሙሉ የእንግሊዞች አምልኮ። መቼ እንደሚንበረከኩ፣ መቼ ብድግ እንደሚሉ፣ መዝሙረ ዳዊትን ለጠዋትና ለማታ ከፋፍለው በወር እንዴት እንደሚጨርሱት። ስለ ራስህ የጻፍከው ስድስተኛው ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም ባትጽፈው ይሻል ነበር። እመጣበታለሁ፣ አትቸኩል።

እዚያ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ለምን እንደጀመርክ ገብቶኛል። የውጭ አገር ሰዎች ስለሆኑ አልተዘጋባቸውም፤ የኋላ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ማን ነህ የሚልህ የለም። እንግሊዝኛውንም ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቀዋለህ። በዚህ አልፈርድብህም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰንሰለት ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ውስጡ አሁን እህል ይከማችበታል። ያናደደኝ ሌላ ነው። የጸሎታቸውን ትርጉም ከማብራሪያው ጋር ልከህልኝ፣ አባዝተሽ በየቤቱ ተደብቀው ለሚጸልዩት የኅብረቱ ሰዎች ስጪያቸው ትለኛለህ። በምን ላባዛው? በመሥሪያ ቤቱ ታይፕ ነዋ። በምሳ ሰዓት፣ በር ዘግቼ፣ በበጀት ደብዳቤዎች መሐል ወረቀትህን ደብቄ። እስር ቤት የገባኸው አንተ፣ ጥንቃቄ የምማረው እኔ።

ጻፍኩት ግን። ከልጅነትህ ጀምሮ እምቢ ብዬህ አላውቅም፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። ስጽፈው አንድ ነገር ፈራሁ። ያገለገለ ካርቦን አንሥቶ ወደ መስኮት ይዞ የሚያነብ ሰው እኛ ቢሮ አይጠፋም። ስለዚህ የእግዚአብሔር ስም በሚገባበት ቦታ ሁሉ ነጠብጣብ አደረግኩ፤ ቅጽ ላይ ስም የሚሞላበት ዓይነት ነጠብጣብ። ሲጸለይ ሁሉም በአፉ ይሞላዋል ብዬ ነው። ብልጠት መስሎኝ ነበር።

እትዬ ሸዋዬ ቤት ተሰብስበን ሳድላቸው ገና በርእሱ ተጣሉኝ። የጋራ ኑዛዜ ብለህ ነው የተረጎምከው። የጋሽ ኩማ መነጽር ከተሰበረ ወር አልፎታልና ርእሱን አነበብኩላቸው፤ ማን ሞቶ ነው የተናዘዘው አሉኝ። ውርስ መስሏቸው ነው። ማቴዎስ ደግሞ ቃሉን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ እሱ የሚያውቀው ኑዛዜ በምርመራ ክፍል ከሰው አፍ የሚወጣውን ነው። እትዬ ሸዋዬ በኦርቶዶክስ ቤት ያደጉ አይደሉ፣ ኑዛዜ ለንስሐ አባት በጆሮ የሚነገር ነው፣ በጋራ የሚባል ነገር ከየት መጣ ብለው ተቆጡ። አንዲት ቃል ይዤ ሦስት ሰው ሳስረዳ ከሰዓቱ አለቀ።

አንተ በሁለተኛው ገጽ የጻፍክልኝን ነው የነገርኳቸው። እዚያ ሰው ሁሉ የግል ኃጢአቱን እየዘረዘረ አይናገርም፤ ቄሱም ጭምር ከሕዝቡ ጋር ተንበርክኮ ሁሉም በአንድ ቃል እኛ በድለናል ይላሉ። ከዚያ ቄሱ ብቻውን ይነሣና ንስሐ የገባን እግዚአብሔር ይቅር እንደሚል ያውጃል። ይቅርታው ከቄሱ ኪስ የሚወጣ አይደለም፤ እሱ የተላከበትን ይናገራል እንጂ። ጋሽ ኩማ ይህን ወደዱት። ቄሱ መጀመሪያ ከእኛ ጋር ተንበርክኮ ከሆነ ደህና ነው አሉ።

ማቴዎስ ግን አልተዋጠለትም። ጸሎት ከልብ ይፈልቃል እንጂ ከወረቀት አይነበብም፣ ይሄ የሞተ ጸሎት ነው አለ። እኔም አንተ ከልብህ ስታፈልቅ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል፣ የተጻፈውን ግን ሁላችንም ስለምናውቀው በሹክሹክታ እኩል እንለዋለን አልኩት። ሳቀ። ለእሱ ያልነገርኩትን ለአንተ ልንገርህ። ከልቤ የሚፈልቅ ነገር ካጣሁ ቆየሁ። ስንበረከክ የምለው ይጠፋኛል። ሌላ ሰው አስቀድሞ ያሰናዳው ቃል አፌ ላይ ሲገባ አሳረፈኝ። እንግሊዞችህን ላመሰግን አልነበረም ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት፤ እውነቱ ግን ይህ ነው።

አሁን ጉዱን ስማ።

የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት ነው፤ ለምን እሑድ ጠዋት እንደሆነ አይጠፋህም። በጥቅምት መጨረሻ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ የእኛን የስምንቱን የኅብረቱን ሰዎች ስም እያነበበ አስነሣንና በሚቀጥለው እሑድ ግለ ሂሳችሁን በጽሑፍ ታቀርባላችሁ አለን። ቅጹንም ሰጠን። ቅጹን ታውቀዋለህ፤ እምነቴን ትቻለሁ፣ ከእንግዲህ አላስተምርም የሚለው ነው። አንተ የፈረምክበት። ስምንታችንም ፈርመን ጋሽ ኩማ በሽምግልናቸው እንዲያቀርቡት ታዘዘ። አልፈረምንም። አንፈርምም ለማለትም ወኔው አልነበረንም። ጋሽ ኩማ ቅጹን ኮታቸው ኪስ ከተቱና እስከ እሑድ እግዚአብሔር ያውቃል ብለው ወደ ቱላ ወደ እርሻቸው ሄዱ።

እሑድ ደረሰ። ጋሽ ኩማ ስማቸው ሲጠራ ተነሥተው ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡ። መነጽር የላቸውም አልኩህ እኮ። የሰጡት ጸሎቱን ነው።

ርእሱን ከሩቅ ለየሁት፤ በገዛ እጄ የመታሁት ነው። ጓድ ደምሴ አነበበው፣ ደገመው፣ ከዚያ ደስ አለው። አልዋሽህም፣ ደስ ነው ያለው። ይህ ሰው ስንት ጊዜ ሙሉ ከቀበሌው ሕዝብ የሰማው ግለ ሂስ ጎረቤቴ እንጂ እኔ አላጠፋሁም የሚል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ያጠፋነውም ያጎደልነውም ብዙ ነው፣ ሰበብ የለንም የሚሉ ሰዎች አገኘ። ኑዛዜ ማለትስ ይሄ ነው፣ ለሌላው ምሳሌ ይሆናል አለ። ቀጥሎ ነጠብጣቡን አየ። ይሄ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ኩማ ወደ እኔ ዞሩ፤ አዳራሹም ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አሥራ አንድ ዓመት የመንግሥት ጸሐፊ የሆነው አፌ በራሱ ተከፈተና፣ የሚመለከተው አካል ስም የሚሞላበት ነው አልኩ።

እስክሪብቶውን አወጣ። በየነጠብጣቡ ላይ ሰፊው ሕዝብ እያለ ሞላበት። ሞልቶም አላበቃ፣ ሁሉም ተነሥቶ እሱ እያነበበ በአንድ ድምፅ እንዲከተለው አዘዘ። ሁለት መቶ ሰው ተነሣ። ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች፣ ባለወፍጮው፣ አስተማሪዎቹ፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ ባልቴቶች ሳይቀሩ ያንተን ትርጉም በቃል ተከተሉ። ሰፊው ሕዝብ ሆይ በድለንሃል እያለ ሰፊው ሕዝብ ራሱ ቆሞ ሲናዘዝ አየሁ። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ነጠብጣቡ ጋ ሲደርስ ማቴዎስ ዝም እንዳለ ይምላል። እትዬ ሸዋዬ በከንፈራቸው ሌላ ስም እንዳሉ ነግረውኛል። ጋሽ ኩማ ማጋኖ አሉ፤ በሲዳምኛ፣ እግዚአብሔር ብለው፣ ጮክ አድርገው፣ በመጣ ቁጥር። ጓድ ደምሴ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ነውና ሰፊው ሕዝብ በሲዳምኛ እንደዚያ የሚባል መስሎት ራሱን እየነቀነቀ አበረታታቸው። እኔ ምን እንዳልኩ አትጠይቀኝ። የፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ድምፄም ጥርት ያለ ነው፤ ታውቀዋለህ።

ኑዛዜው አበቃ። በጻፍክልኝ ሥርዓት መሠረት እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ የይቅርታውን ቃል መናገር ነበረበት። ሌላው ሰው አያውቅም፤ እኔ ግን አንተ ካስተማርከኝ ወዲያ አውቃለሁና ቆሜ ጠበቅኩ። ሞኝነት ነው አትበለኝ። ሁለት መቶ ሰው ጥፋቴን አምኛለሁ ብሎ ቆሞ፣ ይቅር ተብላችኋል የሚል አንድ አፍ ጠፋ። ጓድ ደምሴ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ አስገባና ስኳር ስለ ማከፋፈል ወደሚለው አጀንዳ አለፈ። ቅጹ እስከ ዛሬ በጋሽ ኩማ ኪስ ነው፤ የጠየቀንም የለም።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ማቴዎስ ነገር ይዞ መጣ። የእኛን ውርደት መርሳት ሲያቅተው ያንተን አነሣ። የካደ ሰው ያጠመቀው ልጄ ተጠምቋል ማለት ይቻላል ወይ አለ። ቄሳችን ሲታሰሩ በእሳቸው ፈቃድ ያጠመቅካቸው ዘጠኝ ናቸው፤ የማቴዎስ ልጅ አንዱ ነው። ኅብረቱ ለሁለት ተከፈለ። ስምንት ሰው ለሁለት ሲከፈል ምን እንደሚቀር አስበው። እትዬ ሸዋዬ ግን ለፈለፉባቸው፤ የሰፈራችን የቦኖ ጠባቂ ሌባ ነው፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ የቦኖውን ውሃ ስጠጣ ሌብነት አላመመኝም አሉ። ማቴዎስ ውሃና ጥምቀት አንድ አይደለም አለ። እሳቸውም ጥምቀት ያለ ውሃ አሳየኝ አሉት። እንዲህ እንዲህ ሲባባሉ እኔ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ስድስተኛው ገጽ ቦርሳው ውስጥ ነው።

አላነበብኩላቸውም። አምስቱን አንብቤ፣ አለቀ ብያቸዋለሁ። ያዘዝከኝ ሌላ ነበር። እጄ የረከሰ ነው፣ ያጠመቅኳቸውን ሁሉ ንጹሕ ሰው ፈልጋችሁ እንደገና አስጠምቁ፣ እኔን እንደሞተ ቁጠሩኝ ትላለህ። ይህን አንብቢላቸው ትለኛለህ። ለማቴዎስ አንብቤለት የልቡን ላድርስለት?

አንተ ሰውዬ፣ የጻፍከውን አታነብም? አራተኛውን ገጽ አውጥተህ እየው፤ ቅጂ ከሌለህ እኔ ልንገርህ። እንግሊዞቹ ይህንኑ ጥያቄ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ተነጋግረው ጨርሰውታል ብለሃል። ቃሉም፣ ጥምቀቱም፣ ቁርባኑም የክርስቶስ ነው፤ አገልጋዩ በራሱ ስም አያደርገውም። ስለዚህ የሰጪው ክፋት በእምነት ከሚቀበለው ሰው ላይ ጸጋውን አይቀንስበትም። በራስህ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረህበታል፤ እስክሪብቶህ ወረቀቱን በስቶታል። ሁለት ገጽ ሳትሄድ ገልብጠህ እጄ አርክሶታል ትላለህ። በመሐል ምን ነካህ? ነው ወይስ እንግሊዝኛው የሚሠራው ለእንግሊዞች ብቻ ነው?

እዚያው ገጽ ላይ ደግሞ የበደለ አገልጋይ ይጠየቅ፣ ይፈረድበት ይላል። ልክ ነው። ና ተጠየቅ። ጋሽ ኩማ ይጠይቁሃል፤ ቢበዛ ቢበዛ ያለቅሱብሃል። ማቴዎስ ይጮህብሃል፤ ይጩህ። እኔም የምልህ አለኝ። ሸሽቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው አገር መዝሙር ይስማ የሚል ግን በስድስቱም ገጽ አላገኘሁም። መምጣት እፈራለሁ እንዳትለኝ። ከሁላችንም ይልቅ በዚህ ከተማ እንደልቡ መመላለስ የሚችል አንተ ነህ፤ ፈርመሃል እኮ።

ደግሞ ኑዛዜው እኛ ነው የሚለው። ያንን ሁሉ ወረቀት ገልብጠህ ልከህልኝ፣ ያስተማርከን እኛ ማለትን ሆኖ፣ አንተ ግን ለብቻህ በደልኩ ብለህ ትሄዳለህ። ከስምንታችን ማን ንጹሕ ተገኝቶ ነው ልጆቹን የሚያጠምቀው? ማቴዎስ ነው? ዝም ያለው? እኔ ነኝ?

ተናድጄ ብቻ ነው የምጽፈው ብለህ እንዳታስብ። ተናድጃለሁ፣ እሱ አለ። ግን እንደሞተ ቁጠሩኝ ስትል ቃሉን ለማን እንደጻፍከው ረሳኸው። ለእኔ ነው የጻፍከው። እኔን የሞተ ሰው አቆጣጠር አንተ አታስተምረኝም።

ያጠመቅካቸው ዘጠኝ ናቸው ብዬሃለሁ። ስምንቱን እንደገና ማስጠመቅ ይቻላል፤ ከማቴዎስ ልጅ ጋር ይሰለፉና ውሃ ይፍሰስባቸው። ዘጠነኛዋን በየት በኩል ሄጄ ላምጣት? ሆስፒታል ታቢታ ብርጭቆ ውሃ ስታቀብልህ ሸሚዝህን ገልብጠህ ለብሰህ ነበር፤ ከቤት እንዴት እንደሮጥክ ከዚያ አወቅኩ። ስሟ ማን ይባል ስትለኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ አንተው ብርቅዬ አልካት። ሦስት ጊዜ አፈሰስክ። ውሃው ቀዝቃዛ ስለነበር ፊቷን አኮሳተረች፤ በሕይወቷ ያኮሳተረችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ አልነበረችም።

አባቷ ያኔ ግንባር ነበር፤ አሁንም ግንባር ነው። ሞቷን ስጽፍለት መልሱ ሁለት መስመር ሆኖ መጣ። ተጠምቃ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሌላ ነገር አልጠየቀም። አዎ ብዬ መለስኩለት። ማን አጠመቃት ሳይለኝ አጎቷ ብዬ ጨመርኩበት፤ ደስ ይለዋል ብዬ። አሁን ስድስተኛውን ገጽ ይዤ ለእሱ ምን ብዬ ልጻፍ? ለራሴስ ምን ልበል?

ከከተማው በምሥራቅ በኩል ካለው መቃብሯ ስመለስ በየጊዜው የምለውን ልንገርህ። ውሃው ውሃ ነበር፣ ስሙ የእግዚአብሔር ስም ነበር፣ አንተም ያን ቀን የተላክህበትን አድርገሃል እላለሁ። ከአራተኛው ገጽ በፊትም እንደዚያ ነበር የምለው፤ እንግሊዞችህ ቃሉን አሳመሩልኝ እንጂ አዲስ ነገር አልነገሩኝም። ከዚያ ግን ያንተ ስድስተኛ ገጽ ይመጣብኛል፤ በራስህ እጅ፣ በራስህ ፊርማ። ማቴዎስን መከራከር እችላለሁ። አንተን መከራከር አቅቶኛል።

ለታቢታ ብርድ ልብስና ሁለት ሹራብ ሰጥቻታለሁ፤ አንዱ ያንተው ነው፣ ክርኑን ጠግኜዋለሁ። ደረትህን ሸፍነህ ሂድ። እግዚአብሔር ሳልህን ይንቀልልህ፣ ዕድሜህን ያርዝምልህ፣ ግትርነትህን ግን ያሳጥርልኝ። አጎታችንንና ባለቤታቸውን እጅ ንሣልኝ፤ አንተን ችለው ስላስቀመጡ እሳቸውንም ይባርካቸው።

መልስ በደብዳቤ አትጻፍልኝ። ወረቀትህ በቅቶኛል። የልጄ ጥምቀት ልክ ነው ካልክ ና፤ ልክ ከሆነ ያጠመቃት እጅ ምንም አልሆነምና እዚህ ይፈለጋል። ልክ አይደለም ካልክም ና፤ መጥተህ ፊቴን እያየህ ንገረኝ።

እኅትህ፣
የብርቅዬ እናት